«ቋ» ስላለ ዲስኩ ገባ ማለት አይደለም

ሰውየው ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ዶክተር፣ አንዴ ብቻ ቋ አድርግልኝ» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እሱስ ይሁን። የሰለቸችኝ ያቺ «ቋ» ናት። ቲክቶክ ላይ የአሜሪካ ካይሮፕራክተሮች (አከርካሪን በእጅ እየገፉ የሚያክሙ ሰዎች) ወገብ ሲያንቋቁ አይተው ነው የሚመጡት። ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን ጀርባ እስከ እግር ጣት የሚለበልበው የሳያቲክ ነርቭ ሕመም በአንድ ድምፅ የሚለቅ ይመስላቸዋል።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ኩላሊቴ ነው።» ኩላሊት ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት አይለበልብም።

«ብርድ መቶኝ ነው።» ብርድ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ፣ አያወጣም።

«ተኝተህ እረፍ ተብያለሁ።» አንድ ሁለት ቀን፣ እሺ። ከዚያ በላይ መተኛት ጡንቻውን ያደክማል እንጂ አያድንም።

«ኤምአርአዩ ዲስክ ነው ብሏል፣ አለቀልኝ።» በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤምአርአይ አስነሳ። ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኘባቸው። ስለዚህ ፊልሙን አስቀምጠውና መጀመሪያ እግርህን አሳየኝ።

አሁን ወደ «ቋ» እንመለስ።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። «የዲስክ መንሸራተት» ስንል ሰው እንደ መሳቢያ ወጥቶ የሚገባ ነገር ያስባል። ዲስክ ግን ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቋል፤ የትም አይንሸራተትም። የሚሆነው ሌላ ነው። የውጪው ቀለበት ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጣ ብሎ የነርቩን ሥር ይጫናል፣ ያስቆጣል። ብዙውን ጊዜ የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ያንን በእጅ ገፍቶ የሚመልስ ሰው የለም። ካይሮፕራክተርም፣ ወጌሻም፣ እኔም አንችልም። ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ራሱ ሰውነት ነው፤ አብዛኛው ሰውም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ድምፁስ? በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ነው። ጣትህን ስታንቋቋ «አጥንቴ ገባ» ትላለህ?

ካይሮፕራክቲክን በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ የጀመረው ዲ. ዲ. ፓልመር አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ መዛነፍ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። የመጀመሪያ ታካሚው የጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ ጀርባው ተገፍቶ ጆሮው ተከፈተ ተባለ። የጆሮ ነርቭ በጀርባ አያልፍም፣ ግን ይሁን። ወገብን በእጅ ማንቀሳቀስ አንዳንዱን ሰው ለጊዜው ያቀልለዋል፤ አልክድም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ይፈቅደዋል፣ ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጋር ከሆነ ብቻ። ሰው የሚፈልገው ግን ድምፁን እንጂ እንቅስቃሴውን አይደለም።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ትዝ ይለኛል። ሰፈሩ ያለ ሰው ጀርባው ላይ ወጥቶ «ቋ» አድርጎለታል። «ሕመሙ ድራሹ ጠፋ!» እያለ ገባ። ጫማው ግን ወለሉን ይጠርጋል። በተረከዝህ ተራመድ አልኩት፤ አልቻለም። ነርቩ ደክሞ ዝም ብሏል ማለት ነው። በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሐኪም ላክሁት። ሽንት እምቢ ካለ፣ በሁለቱ ጭኖች መሃል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግር ከዛለ ደግሞ እኔ ጋ መምጣትም ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

የተገላቢጦሹም አለ። አንዲት እናት ለሁለት ሳምንት የሰጠኋቸውን እንቅስቃሴ ሠርተው ተቆጥተው መጡ። «እግሬን ተወኝና ወገቤን ያዘኝ፤ አባስክብኝ እኮ ልጄ!» ሕመሙ ከእግር ወደ ላይ ሲሰበሰብ ነርቩ እየተለቀቀ ነው። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «እማማ፣ ጣትዎ ላይ ያለው መደንዘዝስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እሱማ ከጠፋ ሰነበተ» አሉኝ፣ እንደ ተራ ነገር።