ትንሽ አውሮፕላን አጭር ሜዳ ላይ ሲያርፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው ያለፈው።»
ትንሽ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን አልፎ ቦይ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፍሬኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የሚበላሸው ጎማው መሬት ከመንካቱ በፊት ነው። 10 በመቶ ፈጥኖ የመጣ አውሮፕላን ለመቆም 21 በመቶ ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። ትርፉ ፍጥነት አየር ላይም ያንሳፍፈዋል፤ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየበረረ መሬት ሳይነካ በቆየ ቁጥር በየሰከንዱ 30 ሜትር ሜዳ ያልቃል። ከነካ በኋላም ክንፉ ገና ክብደቱን እንደተሸከመ ፍሬኑ በኃይል ከተረገጠ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። መጀመሪያ የፊት ጎማውን ማውረድ፣ የአውሮፕላኑ መመሪያ ከፈቀደ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል) ማጠፍ፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እያጠበቁ መርገጥ ነው።

«ፍጥነት መለኪያው ያው ካሳየ ደጋም ቆላም አንድ ነው።»
ጎጃም ላይ ብዙ የሚያሳስተው ይህ ነው። መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት እንጂ መሬቱ ከሥር የሚያልፍበትን ፍጥነት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ቀን መለኪያው 110 ሲል፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ እውነተኛው ፍጥነት 130 አካባቢ ነው። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ የሚፈልገው መንገድም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይረዝማል። መፍትሔው መለኪያው ላይ ፍጥነት መቀነስ አይደለም፤ ያ አውሮፕላኑን ሳይታሰብ ይጥለዋል። ከመነሳት በፊት ርቀቱን ለዚያ ከፍታና ሙቀት ማስላት ነው።

«ሣር ይዞ ያቆመዋል።»
ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው። ከብት አጭር አድርጎ የጋጠው እርጥብ ሣር፣ ሥሩ ጠንካራ መሬት ከሆነ፣ የማረፊያውን ርቀት እስከ 60 በመቶ ሊያስረዝም ይችላል።

«ካልተመቸ መልሶ መነሳት ነው።»
በደብረ ማርቆስ ከፍታ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፊት ለፊት ኮረብታ ካለ ውሳኔው ዘግይቶ ዋጋ የለውም። ጎማው የሚነካበት ቦታ አስቀድሞ ይመረጣል፤ እዚያ ካልነካ ወዲያው ሙሉ ኃይል ሰጥቶ መውጣት ነው።

«የፕሮፔለሩ ጫፍ ብቻ ነው የታጠፈው።»
ፕሮፔለሩ መሬት ሲመታ ምቱ እስከ ሞተሩ ዋና ዘንግ ሊደርስ ይችላል፤ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሞተሩ ተፈትቶ ሳይመረመር አይበረርም።

«ከቆመ በኋላ አደጋ የለም።»
ለእርዳታ የሚሮጥ ሰው ከፕሮፔለሩ ይራቅ፤ የቆመ ቢመስልም ሊዞር ይችላል። ነዳጁ ከክንፉ ሊፈስ ስለሚችል እሳትም ሲጋራም አይቅረብ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ስብርባሪው መርማሪ እስኪመጣ ካለበት አይነሳም።