ስለ ሌዘር ዳዮድ ድራይቨር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ይህ ሌዘር ዳዮድ ስንት ቮልት ይፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ሳያሰልስ ይቀርብልኛል፤ ጠያቂው ቁጥሩን እንደሰማ ከባትሪ ጋር ሊያገናኘው መዘጋጀቱም ከአጠያየቁ ይታወቃል። ሌዘር ዳዮድ፣ ማለትም የሌዘር ጨረር የሚያመነጨው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ የሚመራው በከረንት (በኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) እንጂ በቮልቴጅ አይደለም፤ ይህን ከረንት የሚቆጣጠርለት ሰርኪዩት ድራይቨር ይባላል። በቀይ ዳዮድ ላይ የሚለካው 2.2 ቮልት ገደማ፣ በሰማያዊው ላይ የሚለካው ከ4 እስከ 5 ቮልት፣ ከረንት ሲያልፍበት የሚታይ ውጤት እንጂ እኛ መርጠን የምንሰጠው መጠን አይደለም። ዳዮዱ ሲሞቅ ያው ከረንት በአነስተኛ ቮልቴጅ ስለሚያልፍ፣ ቋሚ ቮልቴጅ የተሰጠው ዳዮድ እየሞቀ፣ በሞቀ ቁጥርም ተጨማሪ ከረንት እየሳበ ይቃጠላል።

ኤልኢዲ የለመዱት ደግሞ «ሬዚስተር ይበቃዋል» ይላሉ፤ ሬዚስተር ከረንትን የሚገድብ ክፍል ነው። እስኪ እናስላው፦ በ5 ቮልት ምንጭ ላይ 4.5 ቮልት የሚይዝ ሰማያዊ ዳዮድ 100 ሚሊአምፔር እንዲያልፍበት 5 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ምንጩ ወደ 5.25 ቮልት ከፍ ቢል፣ የዳዮዱ ቮልቴጅ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ጭማሪው በሙሉ ማለት ይቻላል በሬዚስተሩ ላይ ያርፍና ከረንቱ ወደ 150 ሚሊአምፔር ይጠጋል። ኤልኢዲ ይህን ለጊዜው ይችለው ይሆናል። በሌዘር ዳዮድ ላይ ግን ብርሃኑ የሚወጣበት የክሪስታል ጠርዝ እጅግ ጠባብ በመሆኑ የብርሃኑ ክምችት ከልክ ሲያልፍ ጠርዙ ይቀልጣል፤ ጉዳቱ ከማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ስለሚችልም ፊውዝ አይደርስለትም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «እየበራ ስለሆነ ደኅና ነው» የሚለው እምነት ነው። ጠርዙ የተጎዳ ዳዮድ አይጠፋም፤ ከረንት እያሳለፈ እንደ ኤልኢዲ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ባለቤቱም ድራይቨሩ ደክሟል ብሎ ከረንቱን ይጨምርበታል። አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ሥራ አምጥቶልኝ ድራይቨሩን ስለካው ከረንቱ ልክ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን የተበተነ ቀይ ብርሃን እንጂ የጠራ ነጥብ አልነበረም። ምን እንዳደረገ ስጠይቀው፣ ኃይሉ ሳይጠፋ የዳዮዱን ሽቦ ነቅሎ መልሶ እንደሰካ ነገረኝ። ሽቦው በተነቀለበት ቅጽበት በድራይቨሩ መውጫ ላይ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ክፍል) እስከ ምንጩ ቮልቴጅ ድረስ ተሞላ፤ ተመልሶ ሲሰካ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዳዮዱ ውስጥ ፈሰሰ። ስለዚህ ዳዮዱ የሚሰካውም የሚነቀለውም ኃይሉ ጠፍቶ፣ የካፓሲተሩም ሁለት ጫፎች በሬዚስተር ተገናኝተው ከተራገፈ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ድራይቨሩ በምትክ ጭነት ይፈተሽ፦ ተራ የሲሊከን ዳዮዶችን ከ1 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አያይዛችሁ በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ፤ እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ሚሊአምፔር ነው።

«ኤልኤም317 ካለ ምንጩ ምንም ቢሆን ግድ የለም» የሚባለውም ስሕተት ነው። ይህ አይሲ፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ቺፕ፣ በመውጫውና በማስተካከያ እግሩ መካከል 1.25 ቮልት ስለሚጠብቅ በ12.5 ኦም ሬዚስተር 100 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ምንጩ ከዳዮዱ ቮልቴጅ በ3 ቮልት ገደማ ካልበለጠ ከረንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ለሰማያዊ ዳዮድ 5 ቮልት የማይበቃው ለዚህ ነው።

«ቅዝቃዜ አይጎዳውም» ለሚሉም፣ ዳዮዱ ሲቀዘቅዝ በዚያው ከረንት የሚያወጣው ብርሃን ስለሚጨምር፣ በሙቀት ጊዜ እስከ ጣሪያው የተስተካከለ ድራይቨር በብርድ ሊያቃጥለው ይችላል።

የፀሐይ መነጽር ከሌዘር አይከላከልም። ኢንፍራሬድ የሆነው የ808 ናኖሜትር ጨረር ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ የዓይን ቆብ አይጨፈንም፤ ሬቲና ላይ ግን እንደሚታየው ብርሃን ሁሉ ተሰብስቦ ያርፋል። መነጽሩ የሚመረጠው በዳዮዱ የሞገድ ርዝመት ነው፤ ለ808 ናኖሜትር ብቻ የተሠራ መነጽር የ450 ናኖሜትሩን ሰማያዊ ጨረር ሊያሳልፈው ይችላል።