ሜላቶኒን ለሃርት አታክ፦ የሚወራው እና እውነታው

እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የሜላቶኒን (ሰውነት ማታ የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን) ብልቃጥ ያለበት ቤት ብዙ ነው፣ በፊት ለእንቅልፍ ነበር አሁን ደሞ ሃርት አታክ ለያዘው ሰውም ይሆናል እየተባለ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የሃርት አታክ ታማሚን ልብ ያተርፋል»

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ሃርት አታክ ሲባል የልብ ጡንቻን የሚመግበው ደም ስር ተዘግቶ ነው፣ ሲከፈት ደግሞ ድንገት የሚመለሰው ደም ራሱ ሌላ ጉዳት ያመጣል፣ ሜላቶኒን ይሄን ሁለተኛውን ጉዳት በአይጥ ልብ ላይ ቀንሷል። ሰው ላይ ግን አልሆነም። ስፔን ውስጥ ማሪያ የተባለው ጥናት 146 ታማሚዎች ይዞ ደም ስራቸው በሚከፈትበት ሰዓት ለግማሾቹ በመርፌ ሰጥቶ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ የሞተው ጡንቻ አላነሰም። ዴንማርክም 48 ሰው ላይ 50 ሚሊግራም ተሞክሮ ያው ነው። ቶሎ የደረሱት ላይ ትንሽ ተስፋ ታይቷል፣ እሱ ግን ጥናቱ ካለቀ በኋላ የተሰላ ስለሆነ መድሃኒት ለማዘዝ አይበቃም።

«እቤት ያለውን ቢውጥ ምን ይጎዳዋል»

ጊዜውን ነዋ! ጥናቶቹ በመርፌ ነው የሰጡት፣ የምንውጠው አብዛኛው ጉበት ላይ ያልቃል። የልብ ጡንቻ ደግሞ ደም ስሩ ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጀምሮ መሞት ይጀምራል፣ እኛ ደግሞ ከከተማው ዳር ነን፣ የቃሊቲን መንገድ ታውቁታላችሁ። እንክብል አውጥቶ «እስኪ ትንሽ እንየው» የሚባልበት ሰዓት የለም፣ 907 ደውሉ፣ አምቡላንስ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ ግን ታማሚው ራሱ እንዳይነዳ። ለአስፕሪን አለርጂክ ካልሆነና የሚደማ ነገር ከሌለበት ባለሙያ ጠይቃችሁ 300 ሚሊግራም ገደማ ያኝክ፣ ማኘኩ ቶሎ እንዲሠራ ነው። ሆስፒታል እንደደረሰ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

«ጨጓራ ነው፣ ፌጦ ስጡት»

ከሁሉም እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ደረት መሃል ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ህመም ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ከመጣ ጨጓራ ነው ብሎ መተው አይቻልም፣ ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ደግሞ ደረታቸውን ሳያማቸው ትንፋሽ ማጠር ወይ ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ላይ ይሄ በጣም ይታለፋል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም»

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውም አይታመንም፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ 31 ምርቶች ሲመረመሩ ከተጻፈው 83 በመቶ ያነሰም 478 በመቶ የበለጠም ተገኝቷል።

«እንግዲያው የልብ ታማሚ ጭራሽ አይነካውም»

እሱም ልክ አይደለም። እንደ አቴኖሎል ያሉ የልብና የደም ግፊት መድሃኒቶች ሰውነት ማታ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን ይቀንሳሉ፣ ደም ግፊት ኖሮባቸው እነዚህን መድሃኒቶች የሚወስዱ 16 ሰዎች ላይ በተሠራ ትንሽ ጥናት ማታ 2.5 ሚሊግራም ሲወስዱ እንቅልፋቸው ተሻሽሏል። እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ካላችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩት፣ አቴኖሎሉን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ድንገት ማቆሙ ራሱ ልብ ላይ አደጋ አለው።