«ሜዲካሉን ቀድማ ብትጨርስስ?»፦ ስለ ትዳር ማመልከቻና ስለ ጤና ምርመራ የማይሞቱ ወሬዎች

ስልኬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ቡና ላይ አንዱ ለሌላው የነገረው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ እኔ ጋር ይደርሳል። «ወንድሜ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። ወደ ካናዳ የማመጣበትን የትዳር ማመልከቻ ገና ልናስገባ ነው። እስከዚያው ሜዲካሉን፣ የጤና ምርመራውን፣ ብትጨርስ ጉዳዩ አይፈጥንም?»

አይፈጥንም። ቶሮንቶ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የኢሚግሬሽን አማካሪ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ያልመለስሁበት ወር ትዝ አይለኝም። ዛሬ በጽሑፍ አስቀምጬው ከዚህ በኋላ የሚደውልልኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ቢሮ ስንሄድ ያደግነው አንድ ወረቀት ጎድሎ «ነገ ተመለስ» እንዳንባል ዋናውን፣ ኮፒውን፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍና ማንም ያልጠየቀንን ማስረጃ ጭምር ታጥቀን ነው። ለትዳር ማመልከቻ የሚደረገው የካናዳ የጤና ምርመራ ግን በእጅ ተይዞ የሚቀርብ ወረቀት አይደለም። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የምርመራ ትእዛዝ ይላካል። አመልካቿ ትእዛዙን ይዛ መሥሪያ ቤቱ በስም ወደመደባቸው ሐኪሞች ትሄዳለች፤ ሐኪሙም ውጤቱን በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። ትእዛዙና የማመልከቻው ቁጥር በሌሉበት ውጤቱ የሚያርፍበት ፋይል የለም።

አንድ ደንበኛዬ እኔን ከማግኘቱ በፊት ገንዘብ ልኮ ባለቤቱን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ አስመርምሯል። ጉበት፣ ኮሌስትሮል፣ ስኳር፣ የልብ ምት፣ ያልተመረመረ ነገር የለም። ውጤቱ በፈጣን መልእክት መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ በየገጹ ክብ ማኅተም፣ በማኅተሙ ላይ ፊርማ። እንዲህ ያማረ ማኅተም ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያየሁት! ክሊኒኩ ግን ከተመደቡት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ዋጋው ባዶ ነበር፤ ትእዛዙ ሲመጣ ሴትዮዋ እንደገና ከፍላ እንደገና ተመረመረች።

«እሺ፣ የተመደበው ሐኪም ጋር ብትሄድስ?» ይሉኛል ብልጦቹ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምርመራው የሚያገለግለው ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ነው። ይህ 12 ወር ደግሞ የሚለካው ውሳኔ እስኪሰጥ ሳይሆን ሰውየው ካናዳ እስኪገባ ድረስ ነው። የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ ቀን ብዙውን ጊዜ ከምርመራው ወይም ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀድሞ የሚደርሰው ነው፤ አይራዘምም። ራጅ የተነሣችሁበት ዕለት ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ማመልከቻው ገና ሳይገባ ያንን ሰዓት ማስጀመር፣ እንግዳው በሦስት ሰዓት እንደሚመጣ እየታወቀ በአንድ ሰዓት ቡና አፍልቶ እንደመጠበቅ ነው።

የአንዲት ደንበኛዬ ቪዛ የመጣው ምርመራዋ ሊያበቃ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የእኅቷ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ በዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል፤ የቪዛዋ ቀን የሚያልቀው ደግሞ ከዚያ በፊት። «ሁለት ሳምንት ቢጨምሩልኝ ምን አለ?» ብላ በስልክ አለቀሰች። ማንም አይጨምርም። ስድስት ቀን ሲቀራት ቶሮንቶ አረፈች፤ ለሚዜነት የተሰፋላት ቀሚስ ሻንጣዋ ውስጥ ነበር፤ ሠርጉን በስልክ አየች።

ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የካናዳ የሙያተኞች መንገድ ለሚያመለክቱ ሰዎች ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ ምርመራው ከማመልከቻው ጋር አብሮ እንዲገባ ተደንግጓል። ይህ ለእነርሱ ነው። ሁለተኛው አሜሪካ ያለው ዘመድ ነው። እዚያ አገር ውስጥ ሆነው ግሪን ካርድ የሚጠይቁ ሰዎች ከዲሴምበር 2 ቀን 2024 ወዲህ የጤና ቅጹን ከማመልከቻቸው ጋር እንዲያስገቡ ታዝዘዋል። የዋሽንግተኑ አጎት ስለ ራሱ የነገራችሁ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቫንኩቨር ላለው ባልና ጎንደር ላለችው ሚስት ግን አይሠራም። «የክትባት ካርዷን አሟሉ» የሚለውም የእርሱ ምክር ነው፤ ካናዳ ለዚህ ማመልከቻ ክትባት አትጠይቅም።

የተገላቢጦሹም አለ። ትእዛዙ ከመጣ በኋላ «ጾሙ ይለፍ፣ በዓሉ ይለፍ» የሚሉ። ደብዳቤው የሚሰጠው 30 ቀን ነው። የሐኪሙ ቀጠሮ ከዚያ ካለፈ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ዝም አትበሉ፤ ጻፉላቸው። ነፍሰ ጡር ሆዷ ተሸፍኖ ራጅ መነሣት ወይም እስክትወልድ ማቆየት ትችላለች። የተወለደው ሕፃንም ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

ሌሎች የምሰማቸው ወሬዎችም አሉ። «ምርመራው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።» አይደለም። ዱባይ ያለችው ዱባይ፣ ናይሮቢ ያለችው ናይሮቢ፤ የተመደበ ሐኪም ባለበት አገር ሁሉ ይቻላል።

«ሐኪሙ አሳልፎኛል።» ሐኪሙ አያሳልፍም፣ አይጥልም። መርምሮ ይልካል፤ የሚወስነው ኢሚግሬሽን ነው።

«ባዶ ሆድ መሄድ አለባት።» ከሚጠየቁት ምርመራዎች ያንን የሚፈልግ የለም። በዋዜማው የስንብት ጥብስ ማብዛት ግን በደም ምርመራው የኩላሊቱን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ግብዣውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

«ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባት ይከለክሏታል።» ሕክምናው ለመንግሥት ወጪ ይበዛል የሚለው ምክንያት በትዳር ጓደኛና በልጆች ላይ እንዳይሠራ ሕጉ ነጻ አድርጓቸዋል። ኤችአይቪም በራሱ አያስከለክልም።

«የምርመራ ደብዳቤ ከመጣ ቪዛው አለቀ።» ይህን ሰምታ ሥራዋን የለቀቀች፣ ፍሪጅና አልጋዋን ሸጣ እናቷ ቤት ስምንት ወር የተቀመጠች ሴት አውቃለሁ። ደብዳቤው አንድ እርምጃ ነው፤ ከኋላው የትዳሩ እውነተኛነትና የጸጥታ ማጣራቱ አሉ።

የሳንባ ነቀርሳን በአንድ መስመር አላልፈውም፤ ቀድማችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ራጅ ላይ ጥላ ከታየ አክታ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ የአክታው ካልቸር (ጀርሙ በላቦራቶሪ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በሽታው ካለ ሕክምናው በተለመደው መንገድ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ጉዳዩ ይቀጥላል። ይዘገያል እንጂ በዚያ አይዘጋም። ብዙ ጊዜ ግን ጥላው ድሮ ታክመው የዳኑበት ጠባሳ ነው። የዚያን ጊዜ የጤና ጣቢያው የሕክምና ካርድ ከተገኘ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ስለዚህ እጃችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ፣ ምርመራውን ትታችሁ ካርዱን ፈልጉ። ፓስፖርቱም ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ አሳድሱት። መነጽሯን፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የድሮ የሕክምና ወረቀቶቿን አንድ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። ትእዛዙ ሲመጣ ማንሣት ብቻ ይሆናል።

የመጨረሻው በጣም ያናድደኛል። «ልጁ አብሮ ስለማይመጣ አይመረመርም፤ ስሙንም ባንጽፈው ይሻላል።»

ልጁ አብሮ መጣም አልመጣ ይጻፋል፤ ይመረመራልም። በካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 117 መሠረት፣ ወላጁ ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ያልተገለጸና ያልተመረመረ ልጅ በኋላ በቤተሰብ መንገድ ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች ጊዜያዊ መፍትሔ ተበጅቷል፤ ስሙ እንደሚለው ግን ጊዜያዊ ነው፣ ሁሉንም አይሸፍንም።

አንዲት እናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ ባሏ ስትመጣ ከዚያ በፊት የወለደቻትን ልጅ ደሴ እናቷ ጋር ትታ ነበር። ፎርሙን የሞላላት ሰው «ነገር አታወሳስቢ፣ ምርመራውም ያዘገይሻል» ብሏት ልጅቷ አልተጻፈችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ልታመጣት ስትጠይቅ መልሱ ያው አንቀጽ ሆነ። ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ ሦስቴ አጣጥፋው ስለነበር መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። እናትየዋ ወደ ባሏ በመጣች ጊዜ ልጅቷ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከ11 ዓመት በታች ራጅ የለም፣ ከ15 በታች የደም ምርመራ የለም፣ ከአምስት በታች ሽንት እንኳ አይጠየቅም። ሐኪሙ ቁመቷንና ክብደቷን መዝግቦ፣ ደረቷን አዳምጦ ያሰናብታት ነበር።