«ሰዓት አነሰኝ» እና ሌሎች የኤልሳት ተረቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስጠናለሁ። ከወልድያም ከከሚሴም በቴሌግራም የሚጽፉልኝ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ኤልሳት ልፈተን ነው፤ ፍጥነቴን እንዴት ልጨምር?» ፈተናው ምን እንደሚመስል ገና በዓይኑ ያላየ ልጅ ስለ ፍጥነት ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልመራው።

ለማያውቅ ሰው፦ ኤልሳት በአሜሪካና በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚሰጥ ፈተና ነው። 4 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ውጤት የሚያዝባቸው 3 ናቸው፦ ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር አንብቦ መመርመር)፣ አንድ የንባብ ክፍል። አራተኛው ለሙከራ የገባ ስለሆነ አይታረምም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። (ለይቼ አርፍበታለሁ የሚል ጀግና አጋጥሞኛል። አይለይም፤ ተዉት።) ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት አለ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው።

«በኢትዮጵያ ሕግ ተመርቄያለሁ፤ አሜሪካ ለመማር ኤልሳት ግዴታ ነው»

አይደለም። ይሄን ሳይጠይቁ ስንት ወር የሚለፉ አሉ መሰላችሁ። ኤልሳት የሚጠየቀው ጄዲ ለሚባለው የ3 ዓመት የሕግ ዲግሪ ነው። ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ግን ኤልኤልኤም ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ማለት ነው። ለእሱ ኤልሳት አይጠየቅም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉት የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ማለትም የቶፍል ወይም የአይኢኤልቲኤስ ውጤት ነው። እንደ ኒውዮርክ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ላሟላ የውጭ ምሩቅ ኤልኤልኤም ይዞ ለጥብቅና ፈተና እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ። ለጄዲም ቢሆን በኤልሳት ፈንታ ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተና የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ዲግሪ ለዩ። አንዲት ልጅ ይሄን ስነግራት ተናደደችብኝ፤ የገዛችው መጽሐፍ አሳዝኗት ነው።

«ሕግ ስለተማርኩ ይቀለኛል»

ፈተናው ስለ ሕግ አንድም ነገር አይጠይቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአንቀጽ 1675 ጀምሮ በቃላችሁ ብትወጡት ግማሽ ነጥብ አይጨምርላችሁም። እንዲያውም አንዳንዱን ይጎዳዋል። የማስጠናው አንድ ዐቃቤ ሕግ ጥያቄውን አንብቦ «በሕጋችን መሠረት ግን…» ብሎ ይጀምር ነበር። ወንድሜ፣ ሕጋችንን ማን ጠየቀህ? የቀረበልህ አንድ አንቀጽ ነው። እውነት ይሁን ውሸት አንተን አይመለከትህም። ከዚያ አንቀጽ ተነስቶ ምን ማለት ይቻላል፣ ምን አይቻልም፤ የሚፈተነው ይሄ ብቻ ነው።

«ሎጂክ ጌም ካልቻልክ አለቀልህ»

ሎጂክ ጌም (እንግዶችን በወንበር እንደመደርደር ያለው የእንቆቅልሽ ክፍል) ቀርቷል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ፈተናው ውስጥ የለም። ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ሥዕል እየሳሉ መሥራት ስለማይችሉ ክስ ቀርቦ፣ አዘጋጁ ኤልሳክ በ2019 በስምምነት ሊቀይረው ተስማማ፤ ከዓመታት በኋላ ወጣ። ቴሌግራም ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያ ወፍራም ፒዲኤፍ ግን ይሄን አያውቅም። ግማሹ ሎጂክ ጌም ነው። ሰዎች ዛሬም ቁጭ ብለው «ሰባት እንግዶች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ…» እያሉ ይሠራሉ። ሎውሀብ የሚባለው የኤልሳክ ገጽ ላይ በነፃ ብትመዘገቡ በአዲሱ አቀራረብ የተዘጋጁ ጥቂት እውነተኛ ፈተናዎች ታገኛላችሁ። ከዚያ ጀምሩ።

«ችግሬ ሰዓት ነው»

እንግዲህ መጣን። ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው።

ሒሳቡ ያስፈራል፣ አልክድም። በአንድ ሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍል 25 ገደማ ጥያቄ አለ። ለ35 ደቂቃ ስታካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ወደ 1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። በንባቡ ክፍል 4 ምንባብ አለ፤ ለአንዱ ከነጥያቄዎቹ 9 ደቂቃ አይሞላም። ይሄን ያየ ልጅ ወዲያው የስልኩን ሰዓት ከፍቶ መሮጥ ይጀምራል። በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና፣ በየቀኑ «ሰዓት አነሰኝ»፣ በየቀኑ ያው ውጤት።

የሐይቅ ልጅ የሆነ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ እንዲህ ነበር። ውጤቱ 140ዎቹ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ፍጥነት ልጨምር፣ ፍጥነት ልጨምር እያለ ነዘነዘኝ። እሺ ብዬ አንድ ክፍል በሰዓት አሠራሁት፤ 13 አገኘ። መልሱን ሳላሳየው ያንኑ ክፍል «አሁን ሰዓት የለም፤ ከፈለግክ እስከ መግሪብ ሥራ» አልኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። 15 አገኘ። ሰዓቱ ጨርሶ ተነስቶለት የተጨመረለት ሁለት ጥያቄ ነው! ታዲያ የዚህ ልጅ ችግር ሰዓት ነው? ቀሪዎቹን አሥር የከለከለው ማን ነው?

ይሄን ሙከራ ሁላችሁም ዛሬውኑ አድርጉት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍሉን በሰዓት ሥሩ። የተጠራጠራችሁበት ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጉ። ሰዓቱ ሲያልቅ መልስ እንዳታዩ፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ምልክት ያደረጋችሁባቸውንና ያልደረሳችሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሩ። ከዚያ ሁለቱንም ውጤት አርሙ። ያለ ሰዓት የመጣው ውጤት በጣም ከፍ ካለ፣ እሺ፣ በእርግጥ የሰዓት ችግር አለባችሁ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን ጥያቄው አልገባችሁም ማለት ነው። ያልገባችሁን ነገር ቶሎ ቶሎ ብትሠሩት የምታተርፉት ቶሎ መሳሳት ነው።

አለመግባቱ ደግሞ ሁልጊዜ የእንግሊዝኛ ጉዳይ አይደለም። በአማርኛ ልጠይቃችሁ። ከደሴ ተነስቶ በዋናው መንገድ ኮምቦልቻ የደረሰ ሚኒባስ ሁሉ በሐረጎ አልፏል። ይሄ ሚኒባስ ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ አልፏል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ደርሷል። ልክ ነው? ከማስጠናቸው ልጆች ብዙዎቹ ሲጣደፉ «አዎ» ይላሉ። አይደለም! ሐረጎን አልፎ ታች ጎማ ፈንድቶበት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ለመድረስ በሐረጎ ማለፍ ግድ ነው፤ በሐረጎ ማለፍ ብቻውን ግን ለመድረስ አይበቃም። ግድ የሆነውንና የሚበቃውን ማምታታት የዚህ ፈተና ዋና ወጥመድ ነው፤ በየክፍሉ ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። አንዴ በደንብ የገባው ሰው በሃያ ሰከንድ ይለየዋል። ያልገባው ሰው ሦስት ደቂቃ አፍጥጦ፣ ከሁለት መልስ አንዱን በግምት መርጦ፣ «ሰዓት አነሰኝ» ይላል።

ሌላም ልጨምር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በዛ፣ የቤት ኪራይም ተወደደ፣ ስለዚህ ኪራይ ያስወደደው ፋብሪካው ነው። ይሄን አባባል በየሻይ ቤቱ ትሰሙታላችሁ። ምናልባት እውነት ነው። ግን ከተሰጠው ማስረጃ ብቻ ተነስቶ አይባልም። ኪራይ ፋብሪካ በሌለበት ከተማም ተወድዶ ቢሆንስ? የፈተናው አዘጋጆች እንጀራቸውን የሚበሉት እዚህች ክፍተት ላይ ነው።

ስለዚህ የሐይቁን ልጅ ሰዓቱን ቀማሁት። ለሳምንታት ያለ ሰዓት ብቻ። በየጥያቄው ሦስት ነገር በራሱ ቃል እንዲነግረኝ አስገደድኩት፦ ሰውየው መጨረሻ ላይ ምን ነው የሚለው? ማስረጃው ምንድን ነው? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የቱ ጋ ነው? በአማርኛ ቢነግረኝም ግድ የለኝም። የሳተውን ጥያቄ በደብተር ይጽፋል፤ ግን ትክክለኛው መልስ «ለ» ነው ብሎ አይደለም። የተሳሳተው መልስ ለምን እንደሳበው ነው የሚጽፈው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሊያቆም ሲል አብሽር እያልኩ ነው የገፋሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ክፍል በ45 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ40፣ ቀጥሎ በ35። መጨረሻ ላይ ሙሉ ፈተና በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሙሉ ፈተና ከሠራችሁ በማግሥቱ አዲስ ፈተና አትክፈቱ፤ ያንኑ መርምሩ። ፈተናውን ለመሥራት ከፈጀባችሁ ጊዜ በላይ ምርመራው ካልፈጀባችሁ እየመረመራችሁ አይደለም። ልጁ 150ዎቹን አጋምሶ ወጣ። ፍጥነቱን አንድም ቀን አላሠለጠንነውም፤ መረዳቱ ሲጠራ ሰዓቱ ራሱ በቃው።

በሰዓት መሥራት ስትጀምሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ እልህ አትጋቡ። ሁሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ ነው ያለው። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀለል ይላሉ፤ የሚያስለቅሱት ከመሐል በኋላ ነው የሚበዙት። አንዱ ላይ ሁለት ደቂቃ ካለፋችሁ የመሰላችሁን ነክታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ፣ እለፉ። የወሎ ሰው ሙግት ይወዳል፤ ከጥያቄ ጋር ሙግት መግጠም ግን ኪሳራ ነው። ሁሉንም ካልመለስኩ ማለትም ቀርቶባችሁ፤ እንደ ፈተናው ቢለያይም ወደ ሃያ ገደማ ስቶ 160 አካባቢ ማግኘት ይቻላል።

«የተሳሳተ መልስ ይቀንሳል»

አይቀንስም። ባዶ የሚተው ሰው ነጥብ እየጣለ ነው።

«ሌሊት ነው የሚገባኝ»

ሌሊትና በርጫ ማለታችሁ ነው። የሰው ኑሮ ውስጥ አልገባም፤ ስለ ፈተናው ብቻ ልናገር። ምርቃና ላይ ሁሉም ጥያቄ የገባችሁ ይመስላችኋል። በማግሥቱ ደብተሩን ስትከፍቱ ምን እንደጻፋችሁ አታውቁትም። ሽምደዳ ከሆነ ሌሊቱን ገፍቶ ትንሽ ይይዛል እንበል፤ ይሄ ግን ሽምደዳ አይደለም። ፈተናው እረፍቱን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ንቁ አእምሮ ይፈልጋል፤ ያውም በቀን። የፈተናችሁ ሰዓት ከታወቀ በኋላ በዚያው ሰዓት ማጥናት ልመዱ። በቀን ሁለት ሰዓት በንቃት፣ በሳምንት አምስት ቀን፤ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ ቁጭ ያለ ሰው ነው።

«ሁለት ወር ይበቃኛል»

እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አሜሪካዊ እንኳ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጠዋል። ለእኛ ልጅ እኔ ስድስት ወር እላለሁ፤ ንባብ የሚከብደው ከሆነ ዘጠኝ። በተለይ የንባቡ ክፍል በጥድፊያ አይሻሻልም። ምንባቦቹ ከሕግ፣ ከተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስና ከኪነ ጥበብ ይመጣሉ፤ ደረቅ ናቸው። በየቀኑ አንድ ደረቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡና ጸሐፊው ምን እንደሚል በሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉ። ፊልም ማየት ንባብ አያስተምርም። በሌላ በኩል ሁለት ዓመት ሙሉ «እየተዘጋጀሁ ነው» የምትሉም አላችሁ፤ እናንተ ፈርታችሁ ነው።

«ካልሆነ ደግሜ ደጋግሜ እፈተናለሁ»

ገደብ አለው። በአምስት ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ። ትምህርት ቤቶቹም መደጋገማችሁን ያያሉ። ልምምድ ለማድረግ ብላችሁ እውነተኛውን ፈተና አትቀመጡ፤ ለልምምድ ሎውሀብ አለ።

«ማመልከቻው እስከ የካቲት ክፍት ነው፣ ምን አስቸኮለኝ»

ክፍት መሆኑ ልክ ነው። ግን ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያዩት እንደመጣ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ወንበሩም የስኮላርሺፕ ገንዘቡም እየተሰጠ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ ወዴት እንሄዳለን? ስለዚህ የመጀመሪያ ፈተናችሁ በፈረንጆቹ ጁን ወይም ኦገስት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢበላሽ በመኸሩ ለመድገም ጊዜ ይተርፋል። ምዝገባ ከፈተናው ቀን ከወር በላይ ቀድሞ ይዘጋል። የመዝጊያው ሰዓት በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ እኛ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት እንቀድማለን። ከኦገስት 2026 ጀምሮ ደግሞ ለተለየ ምክንያት ካልሆነ በቀር ፈተናው በማዕከል በአካል እንዲሆን ተወስኗል፤ ቤቴ ሆኜ እፈተናለሁ ብላችሁ አታቅዱ። ማዕከሉ ያለበት ከተማ ቀድማችሁ ገብታችሁ እደሩ። እና እባካችሁ፣ ወረቀቱ ላይ 3፡00 ፒኤም የሚለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። 9፡00 ኤኤም ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ይሄን አምታቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ የደረሰ ልጅ አውቃለሁ፤ ክፍያውም አልተመለሰለትም።