አንድ የጃፓን ፊደል ለምን ብዙ ንባብ ይኖረዋል?

ካንጂ (ከቻይና የመጣውን የጃፓን ፊደል) መማር የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ግራ የሚጋባው በንባቡ፣ ማለትም ፊደሉ በሚጠራበት ድምፅ ነው። «ፀሐይ» ወይም «ቀን» የሚለውን ካንጂ እንይ። ቁመቱ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ አግድም መስመር አለው። ልብ በሉ፣ የውስጡ መስመር ሁለት ከሆነ «ዓይን» ይሆናል።

የሚጻፈው በ4 ጭረት ነው። መጀመሪያ የግራው ቁም መስመር፣ ቀጥሎ የላዩና የቀኙ እጅ ሳይነሳ ባንዴ፣ ከዚያ የመሃሉ፣ በመጨረሻ የታችኛው።

ጣጣው ንባቡ ላይ ነው። ካንጂ ከቻይና ሲመጣ የቻይናውን ድምፅ ይዞ መጣ፤ ይህ ኦንዮሚ ይባላል። ጃፓኖች በዚያው ፊደል የራሳቸውንም ቃል መጻፍ ጀመሩ፤ ይህ ደግሞ ኩንዮሚ ነው። ፊደላችን ብቻውን ሲቆም በኩንዮሚ «ሂ» ይባላል። ከሌላ ካንጂ ጋር ሲጣመር አብዛኛውን ጊዜ «ኒቺ» ይሆናል፤ ለምሳሌ «ማይኒቺ» ማለት በየቀኑ ነው። እሑድን የሚያህል ምሳሌ ግን የለም። «ኒቺዮቢ» ሲጻፍ ይኸው ፊደል ሁለት ጊዜ ይገባል፦ ፊት ላይ «ኒቺ»፣ መጨረሻ ላይ «ቢ»። ወሩ በገባ 3ኛው ቀን ደግሞ «ሚካ» ይባላል፤ እዚህ ፊደላችን «ካ» ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ የንባቦቹን ዝርዝር ለብቻው መሸምደድ አልመክርም። ሙሉውን ቃል ያዙ፤ ዛሬ «ማይኒቺ»ን፣ ነገ «ኒቺዮቢ»ን።