ቺቲራይ፦ አማልክት ወደ ጎዳና የሚወጡበት የማዱራይ በዓል

በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር በምትገኘው የማዱራይ ከተማ በየዓመቱ የሚከበረው የቺቲራይ በዓል በአካባቢው ካሉት የሂንዱ ቤተ መቅደስ በዓላት እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ስያሜውን ያገኘው በሚያዝያ 6 አካባቢ ከሚገባው የታሚሎች የመጀመሪያ ወር ነው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ሁለት በዓላት አሉ። በአንደኛው የከተማዋ ንግሥት ተብላ የምትከበረው እንስት አምላክ ሜናክሺ ዘውድ ትጭናለች፤ ቀጥሎም ሱንዳሬሽዋራርን፣ ማለትም ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነውን ሺቫን፣ ታገባለች። በሁለተኛው ወንድሟ አላጋር፣ ማለትም ሌላው ታላቅ አምላክ ቪሽኑ፣ ከከተማዋ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራ ግርጌ ካለው መቅደሱ ተነሥቶ ለእህቱ ሠርግ ይመጣል። ነገር ግን ሠርጉ ላይ አይደርስም፤ የበዓሉ ሁለተኛ ክፍልም በሙሉ የቆመው በዚህ መዘግየት ላይ ነው።

የቤተ መቅደስ በዓላትን ሥርዓት ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በአንድ መቅደስ ውስጥ የአንዱ አምላክ ምስል ሁለት መሆኑ ነው። በውስጠኛው ጨለማ ክፍል ያለው የድንጋይ ምስል ከተተከለበት አይነቃነቅም፤ ወደ እርሱ የሚቀርቡትም ካህናቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ከነሐስ የተሠራና ከመነሻው ወደ ውጭ እንዲወጣ የታሰበ ነው። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጁና በጭቃ ይለብጡታል። ጭቃው በእሳት ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ቦታም የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ምስሉ የሚወጣው ጭቃው ተሰብሮ ስለሆነ ቅርጽ ማውጫው ዳግመኛ አያገለግልም፤ ስለዚህ ፍጹም መንትያ የሆነ ምስል አይገኝም። ከ9ኛው እስከ 13ኛው ምዕተ ዓመት በደቡብ ሕንድ በገዙት በቾላ ነገሥታት ዘመን ከተሠሩት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። እነዚያን ምስሎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያያቸው ሰው ግን በበዓል ቀን ቢያገኛቸው መለየት ይቸግረዋል፤ ሐር ተጎናጽፈው፣ በወርቅና በዕንቁ ተሽሞንሙነው፣ በጃስሚን ጉንጉን ተሸፍነው ሲወጡ የሚታየው ፊታቸውና እጃቸው ብቻ ነው። በመቀመጫቸው ላይ የሚታዩት ቀለበቶችና ቀዳዳዎችም ጌጥ ሳይሆኑ ለመሸከሚያና ለማሰሪያ የተበጁ ናቸው።

በዓሉ የሚመራው አጋማ በሚባሉ የሥርዓት መጻሕፍት ነው። አስቀድሞ በአፈር በተሞሉ ትንንሽ ማሰሮዎች ልዩ ልዩ እህል ይዘራና ይበቅላል። ቀጥሎ በቤተ መቅደሱ ውስጥ በቆመው ምሰሶ ላይ ሰንደቅ ይወጣል፤ የበዓሉ መጀመርም በዚህ ይታወጃል። በየቀኑ ምስሉ በወተት፣ በእርጎ፣ በማር፣ በኮኮናት ውሃ፣ በእርድና በሰንደል ይታጠባል፤ ይህ አቢሼካም ይባላል። ከታጠበ በኋላ መጋረጃ ተጋርዶ ይለብሳል፤ መጋረጃው ሲገለጥ ካህኑ የካፉር፣ ማለትም በቀላሉ የሚነድ መዓዛማ የዛፍ ውጤት፣ ነበልባል በፊቱ ያዞራል፤ ሕዝቡም ወደ ነበልባሉ እጁን ዘርግቶ ሙቀቱን ወደ ዓይኑ ይወስዳል። የሂንዱ አማኝ ወደ መቅደስ የሚሄደው አምላኩን ለማየት ብቻ አይደለም፤ በአምላኩ ዓይን ለመታየትም ጭምር ነው፤ ይህ እርስ በርስ መተያየት ዳርሻን ይባላል። ከምስሉ ፊት ለፊት ናዳስዋራም የሚሉት ረጅም የትንፋሽ መሣሪያና ታቪል የሚሉት ከበሮ ሳያቋርጡ ይጫወታሉ። አምላኩ ጧትና ማታ በልዩ ልዩ ተሸካሚ እንስሳ አምሳል፣ በአንበሳ፣ በኮርማ ወይም በፈረስ ላይ ሆኖ ከተማዋን ይዞራል። በመጨረሻም የተባረከው ምግብ፣ የእነርሱ ጸበል ጸዲቅ፣ ፕራሳዳም ይታደላል።

ማዱራይ ለዚህ ዑደት የተሠራች ትመስላለች። የሜናክሺ ቤተ መቅደስ 14 ጎፑራሞች፣ ማለትም በቅርጻ ቅርጽ የተሞሉ ረጃጅም የበር ማማዎች፣ አሉት፤ ከፍተኛው በደቡብ በኩል ያለውና 52 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ነው። በመቅደሱ ዙሪያ መንገዶች እንደ ተደራረበ አራት ማዕዘን አንዱ ሌላውን ይከባል፤ አዲ፣ ቺቲራይ፣ አቫኒ ሙላ፣ ማሲ እየተባሉ በታሚል ወሮች ይጠራሉ። ከተማው ሲዘረጋ ጎዳናው የመቅደሱ ተቀጥላ ሳይሆን የመቅደሱ ውጫዊ ክፍል ተደርጎ ታስቧል ማለት ይቻላል።

በትውፊቱ መሠረት ሜናክሺ ልጅ አጥቶ መሥዋዕት ላቀረበው ፓንድያ ከሚባለው የማዱራይ ሥርወ መንግሥት ለሆነው ለንጉሥ ማላያድዋጃ ከእሳት የተወለደች ናት። ሦስት ጡቶች ነበሯት፤ የወደፊት ባሏን ስታይ ሦስተኛው እንደሚጠፋ ተነግሮ ነበር። አባቷ እንደ ወንድ ልጅ አሳደጋት፤ ነግሣም አራቱን ማዕዘናት በጦር አስገበረች፤ በመጨረሻ ሺቫን ልትወጋ ስትቀርብ ግን ትንቢቱ ተፈጸመ። በበዓሉ ስምንተኛ ቀን ማታ ይህች ንግሥት የፓንድያዎች ምልክት የሆነውን የኒም አበባ ጉንጉን ታጠልቃለች፤ ዘውድ ትደፋለች፤ በትረ መንግሥትም ትቀበላለች። በማግስቱ ዘመቻዋ በጎዳና ላይ ይተወናል፤ በአሥረኛው ቀን ሠርጉ ይሆናል። ከቺቲራይ ጀምሮ ለአራት ወራት ከተማዋን የምትገዛው እርሷ ናት፤ ቀሪዎቹ ስምንት ወራት የባሏ ናቸው።

ሠርጉ እንደማንኛውም የታሚል ቤተሰብ ሠርግ ነው። በማዱራይ አጠገብ ካለችው ከቲሩፓራንኩንድራም የመጣው ሌላው የቪሽኑ ምስል ሙሽራዋን አሳልፎ ይሰጣል። ከዚያም ታሊ፣ ማለትም ያገባች ሴት በአንገቷ የምታስረው የጋብቻ ምልክት፣ ለሜናክሺ ይታሰራል። በዚያች ቅጽበት በቦታው ያሉ፣ በየቤታቸው በቴሌቪዥን የሚከታተሉም ሳይቀሩ፣ ባለትዳር ሴቶች በእርድ የተነከረውን የአንገታቸውን አሮጌ ክር ፈትተው አዲስ ያስራሉ። ታዳሚው ለሙሽሮቹ ሞይ የሚባለውን የሠርግ ገንዘብ ይሰጣል፤ ድግሱም ለሺዎች ይቀርባል። የዚህ በዓል ኃይል ከእንዲህ ያለው ቅርበት የመጣ ይመስለኛል፤ እንስት አምላኳ ለማዱራይ ሰው የሩቅ ገዥ ብቻ ሳትሆን በየዓመቱ የሚድራት ልጁ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ሠርጉ ሕዝብ በሌለበት፣ በጥቂት ካህናት ብቻ ተፈጽሞ በኢንተርኔት ሲተላለፍ ብዙዎች ያዘኑትም የቤተሰብ ሠርግ የቀረባቸውን ያህል ነበር።

በሠርጉ ማግስት ሁለት ታላላቅ የእንጨት ሠረገላዎች በማሲ ጎዳናዎች ይጎተታሉ። መሪ የላቸውም። ሕዝቡ ወፋፍራም ገመዶቹን ይዞ ሲስብ፣ ከየመንኮራኩሩ ጎን የሚሄዱ ባለሙያዎች የተጠረበ ወፍራም እንጨት ከጎማው ሥር ይወትፋሉ። እንጨቱ በየትኛው ጎን፣ በምን ያህል ማዘንበል እንደገባ ሠረገላው ይቆማል ወይም ወደ ማዕዘኑ ይታጠፋል። ሥራው በአንዲት ስሕተት እጅ ወይም ነፍስ የሚያሳጣ ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አደጋው ግን ከመንኮራኩሩ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2022 በዚሁ በታሚል ናዱ፣ በታንጃቩር ከተማ አጠገብ በካሊሜዱ የበዓል ሠረገላ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተነካክቶ 11 ሰዎች ሞተዋል። በጎረቤት ግዛት በኬረላ ደግሞ ኤፕሪል 10 ቀን 2016 በፓራቩር የፑቲንጋል ቤተ መቅደስ የርችት ክምችት ፈንድቶ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ገመዱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። በዝቅተኛ ካስት፣ ማለትም በልደት በሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ፣ የተመደቡ ወገኖች ለዘመናት ወደ ብዙ ታላላቅ መቅደሶች እንዳይገቡ ተከልክለው ኖረዋል፤ አምላኩን ማየት የሚችሉት ሲወጣ፣ ያውም በሩቁ፣ ነበር። በማዱራይ ይህ ክልከላ የተሰበረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1939 የነጻነት ታጋዩ ኤ. ቫይድያናታ አይየር የተከለከሉትን ሰዎች ይዘው ወደ ሜናክሺ መቅደስ በገቡ ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1936፣ የትራቫንኮር መንግሥት በዛሬዋ ኬረላ የመቅደሶቹን በር በአዋጅ ከፍቶ ነበር። ነገሩ ግን በአዋጅ ብቻ አላለቀም፤ በታሚል ናዱ ካንዳዴቪ መንደር ሠረገላውን የመጎተት መብት ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖሯል። በበዓል ገመድ መያዝ ክብር ስለሆነ፣ ከገመዱ መከልከልም ከክብር መከልከል ነው።

የሌሎች ቦታዎች ልማድ ከዚህ ይለያል። በኬረላው የትሪሹር ፑራም፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በገዥው ሳክታን ታምፑራን በተደራጀው በዓል፣ ሠረገላ የለም፤ ወደ 30 የሚጠጉ ያጌጡ ዝሆኖች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከ200 የሚበልጡ ከበሮና መለከት ተጫዋቾችም ለሰዓታት ይጫወታሉ። በኬረላ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም በሚከበረው የአቱካል ፖንጋላ በዓል ደግሞ ሴቶች በየጎዳናው ጡብ ጎልተው ለእንስት አምላኳ ጣፋጭ ሩዝ ይቀቅላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኙት 2.5 ሚሊዮን ሆነው በጊነስ መዝገብ ተጽፈዋል።

ወደ ማዱራይ ስንመለስ፣ ሠረገላው በሚጎተትበት ሰሞን አላጋር መንገድ ላይ ነው። ከተራራው ሲነሣ የሚለብሰው እንደ ንጉሥ ሳይሆን እንደ አካባቢው የካላር ማኅበረሰብ ሰው ነው፤ ካላላጋር የሚለው ስሙም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በየመንገዱ ለእርሱ ማረፊያ የተሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዳሶችና አዳራሾች አሉ፤ በእያንዳንዱ ይቆማል፤ የቆመባቸው ቤተሰቦችም ያንን ዕድል ከአያቶቻቸው የወረሱት ነው። ሕዝቡ ከተማው ዳር ወጥቶ ሲቀበለው በናስ ማሰሮ ስኳር ሞልቶ፣ አፉን በሙዝ ቅጠል አስሮ፣ በላዩ ካፉር ያበራለታል። ስለት ያለባቸው ወንዶች ደግሞ የተራራውን በር ጠባቂ የካሩፓሳሚን ልብስ ለብሰው፣ ከፍየል ቆዳ በተሠራ አቅማዳ ውሃ ተሸክመው፣ በቀጭን የናስ አፍ በኩል ወደ አምላኩ ይረጫሉ። ወሩ የበጋ ሐሩር የሚበረታበት ስለሆነ ርጭቱ ለመንገደኛው አምላክም፣ አስፋልት ላይ በባዶ እግሩ ለቆመው ሰውም እፎይታ ነው።

ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ማለዳ አላጋር በወርቅ ፈረስ ላይ ሆኖ ወደ ቫይጋይ ይገባል። ከዚያ በፊት ካህኑ ልብሶቹ ከተቀመጡበት ሣጥን ሳያይ አንድ ሐር ያወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ዝናብና እህል ይበረክታል፤ ቀይ ከሆነ ዓመቱ የጠብ ነው ይባላል። ገበሬው ከሩቅ የሚያንጋጥጠው ይህንን ቀለም ለማየት ነው። በዚያ ወቅት ወንዙ ብዙ ጊዜ ደረቅ በመሆኑ ከቫይጋይ ግድብ ውሃ ይለቀቃል። የሰዉ ብዛት ከልክ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በግፊያው ሁለት ሰዎች ሞተዋል።

በሕዝቡ ትረካ መሠረት አላጋር ወንዙ ጋ ሲደርስ ሠርጉ ማለቁን ይሰማል፤ ተቆጥቶ ከተማዋን ሳይረግጥ ወደ ቫንዲዩር ይታጠፋል፤ በዚያም ቱሉካ ናቺያር ከምትባል ሙስሊም ወዳጁ ዘንድ ያድራል። የመቅደሱ ትውፊት ግን ይህን አያውቅም፤ አላጋር የሚመጣው በእርግማን እንቁራሪት የሆነውን ጠቢብ ማንዱካን ሊፈታ ነው ይላል፤ ቪሽኑም በሠርጉ ላይ በሌላ ምስል ተገኝቶ ሙሽራዋን ድሯል። ሁለቱ ትረካዎች አይታረቁም፤ ለማስታረቅ የሚደክምም ብዙ ሰው የለም።

ሁለቱን በዓላት ያገናኛቸው እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1659 ማዱራይን የገዛው ንጉሥ ቲሩማላይ ናያክ እንደሆነ ይነገራል። ቀድሞ የሜናክሺ ሠርግ በማሲ ወር ይከበር ነበር፤ አላጋር ደግሞ ወንዙን የሚነካው በቴኑር መንደር በኩል ነበር። ማሲ የእህል መሰብሰቢያ ወቅት ስለሆነ ሠረገላ ጎታች አይበቃም ነበር ይባላል። ንጉሡ ሠርጉን ወደ ቺቲራይ፣ የአላጋርንም መንገድ ወደ ማዱራይ ሲያዞር የሺቫን ወገኖችና የቪሽኑን ወገኖች፣ ከተሜውንና ገጠሬውን በአንድ ሳምንት በአንድ ወንዝ ዳር አገናኘ። ወንድምየው ሠርጉ ላይ ያለመድረሱ ታሪክ ለዚህ ተስማምቷል፤ ገጠሬው የመጣው ሠርግ ሊበላ ሳይሆን የራሱን አምላክ ተከትሎ ነውና፣ አላጋርም በሜናክሺ ደጅ እንግዳ ሆኖ ሳይቆም በራሱ ወንዝ በራሱ ክብር ይታያል።

ከወንዙ በኋላ አላጋር በቴኑር አዳራሽ በንስሩ በጋሩዳ ላይ ሆኖ ማንዱካን ይፈታል፤ ሌሊቱን በአሥሩ የቪሽኑ መገለጦች አምሳል እየተለዋወጠ ይታያል፤ ከዚያም በአበባ ባጌጠ ወንበር ጉዞውን ወደ ሰሜን ይጀምራል። የሕዝቡን መባ የሚቀበሉት ሣጥኖች በጋሪ ይከተሉታል። በየዳሱ እየቆመ ተራራው ሥር ሲደርስ ሴቶች በዱባ ላይ ካፉር አብርተው በፊቱ ያዞራሉ፤ ቀናት ሙሉ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስለሰነበተ የሰው ዓይን እንዳይጎዳው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መቅደሱ ይገባል።